አራተኛው አንሶላ፤ ከሮም እስከ ቡራኖና ፔሩጃ

ረቡዕ፤ ከሮም ወደ ቬኒስ

እቴቴ ሮም ከገባች አርባ ዓመት ሊሞላት ነው። ሠላሳ አንዱን ያሳለፈችው በሰው ቤት ነው። አሮጊቶች ስታስታምም፣ ስታበስል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስትተኩስ። ስለ ጣልያን ዳንቴልና ጥልፍ መጽሐፍ አላነበበችም። የምታውቀው በካውያ ነው።

የጉዞው ሰበብ አንድ አንሶላ ነው። መጨረሻ ያስታመመቻት ሲኞራ ከመሞቷ በፊት ሰጠቻት። እቴቴ አንድም ቀን አልተኛችበትም። በሰማያዊ ስስ ወረቀት ጠቅልላ፣ አልጋ ሥር ሻንጣ ውስጥ ነው የምታስቀምጠው። ነጭ ልብስ ቢጫ እንዳይመታው በሰማያዊ ወረቀት ይጠቀለላል፤ ሲኞራዋ ያስተማረቻት ናት። እኔ ከአዲስ አበባ ለእረፍት መጥቼ ሳየው «ይሄ ስንት ያወጣል?» አልኳት። እሷ ደግሞ «ማን ሠራው በይ እንጂ» አለችኝ። ኢንተርኔት ላይ ስንት ሰዓት ፈለግሁ፤ ጭራሽ ተምታታብኝ። በዚህ የተነሣ መስቀልን አክብረን በአራተኛው ቀን ባቡር ተሳፈርን። አንሶላው በእቴቴ ቦርሳ ውስጥ ነው።

ከሮም ቬኒስ አራት ሰዓት ያህል ነው። ማታ እሷ እግሯን ስታሳርፍ እኔ ወጣ አልኩና ከአንድ መንገድ ዳር ሱቅ ክብ ዳንቴል በ25 ዩሮ ገዛሁ። ሻጩ «በእጅ የተሠራ፣ የቡራኖ ነው» ብሎ በእናቱ ማለልኝ። (ቡራኖ በዳንቴል የታወቀች፣ ቬኒስ አጠገብ ያለች ደሴት ናት።) እቴቴ ገልብጣ ጀርባውን አየችው። ምንም አላለችም። ዝም ስትል ደስ አይለኝም።

ሐሙስ፤ ቡራኖ

ከፎንዳሜንቴ ኖቬ 12 ቁጥር ቫፖሬቶ ይዘን ሄድን። ትኬቱ 9.50 ዩሮ ነው፤ ለአንድ ጀልባ ያማል። መንገዱ ግን ከአርባ ደቂቃ በላይ ስለሆነ ተጽናናሁ። እቴቴ በመስኮት እያየች «ዳንቴል የምንለው እኮ የፈረንሳዮች ቃል ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ጥርስ ከሚለው ቃላቸው የወጣ ነው፣ ጠርዙ ጥርስ ስለሚመስል። ጣልያኖች ደግሞ ሜርሌቶ ይሉታል። እነሱ የታያቸው የግንብ አናት ላይ ያለው ጥርስ ጥርስ ነገር ነው። ያው ጥርስ ነው ለማንኛውም።

ቡራኖ ቤቶቿ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሐምራዊ ናቸው። ሰው ሁሉ ፎቶ ያነሣል። እኛ በቀጥታ ጋሉፒ አደባባይ ላይ ወዳለው የዳንቴል ሙዚየም ገባን። ቤቱ ቀድሞ የዳንቴል ትምህርት ቤት ነበር። ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን የቬኒስ ዳንቴል የአውሮፓ ነገሥታት አንገት ላይ ነበር። ፈረንሳይ ገንዘቧ ወደ ቬኒስ መፍሰሱ አበሳጫት። በ1665 የሉዊ 14ኛ ሚኒስትር ኮልበር የራሱን የዳንቴል ፋብሪካዎች አቋቋመ፤ ከቬኒስም ሠራተኞች አስኮበለለ። ባለሙያ ማስኮብለል ያኔም ነበር ማለት ነው። ከዚያ ፋሽኑ ተለወጠ፣ የቬኒስ ሪፐብሊክ ወደቀች፣ ሙያውም ደሴቷ ላይ ሊጠፋ ደረሰ። በ1872 ብርድ ባሕሩ በረዶ ሆነ። ዓሣ አጥማጅ በረዶ ላይ ምን ይሠራል? ሕዝቡ ተራበ። ያኔ ካውንቲስ አንድሪያና ማርቼሎና ፓውሎ ፋምብሪ የሚባል የፓርላማ ሰው «ሴቶቹ ዳንቴል ይሥሩ» አሉ። ግን ማን ያስተምር?

አንዲት ሴትዮ ብቻ ተገኘች። ቪንቼንሳ ሜሞ ትባላለች፤ ሰው የሚያውቃት ቼንቻ ስካርፓሪዮላ በሚለው ቅጽል ስሟ ነው። ዕድሜዋ ከሰባ በላይ ነው። እጇ ያውቃል፣ አፏ ግን ማስረዳት አልሆነላትም። ስለዚህ የደሴቷ አስተማሪ አና ቤሎሪዮ ዴስቴ አጠገቧ ተቀምጣ እጇን እያየች ለቀመች። ከዚያ ለልጃገረዶቹ አስተማረች። ንግሥት ማርጌሪታም ደጋፊ ሆነች። ትምህርት ቤቱ እስከ 1970 ቆይቶ ተዘጋ፤ ሙዚየሙ በ1981 ተከፈተ።

ይህን ለእቴቴ ሳነብላት «አሮጊቷ ስሟ ተጽፏል?» አለችኝ።

«አዎ፣ ይኸው።»

«ጎሽ» አለች። መነጽሯን አድርጋ ራሷ አየችው።

ሙዚየሙ ውስጥ አንዲት አዛውንት ተቀምጠው እየሠሩ ነበር። ጉልበታቸው ላይ ትራስ አለ። ትራሱ ላይ ንድፍ ያለበት ወረቀት፣ ከወረቀቱ ሥር ድርብ ጨርቅ ተሰፍቷል። መጀመሪያ የንድፉን መስመር በክር ይከተላሉ። ያ ክር በጥቃቅን ስፌት ወረቀቱና ጨርቁ ላይ ተያይዟል። ከዚያ በመስመሩ መሀል ያለውን ባዶ ቦታ በመርፌ ብቻ ይሞሉታል። መርፌዋ ጨርቁን አትነካም፤ ከክር ወደ ክር ነው የምትሄደው። ለዚህ ነው ፑንቶ ኢን አሪያ፣ አየር ላይ የተሰፋ፣ የሚሉት። ሲያልቅ በሁለቱ ጨርቆች መሀል መቀስ ገብቶ ማያያዣው ክር ይቆረጣል፣ ዳንቴሉ ራሱን ችሎ ይነሣል። የተቆረጡትን ጭራዎች አንድ በአንድ መልቀም ነው የቀረው።

እቴቴ ጠጋ ብላ በጣልያንኛ አወጋቻቸው። ዱሮ አንዲት ሴት ከጫፍ እስከ ጫፍ አትሠራም ነበር አሉ። አንዷ መስመሩን፣ ሌላዋ መሙያውን፣ ሌላዋ መረቡን እያለ አንድ ቁራጭ በሰባት እጅ ያልፋል። እሳቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ መረብ ናቸው። አበባ ሠርተው አያውቁም። «አበባ የእህቴ ነበር» አሉ።

እኔም አፍሬ አፍሬ የ25 ዩሮዬን ክብ ዳንቴል አወጣሁ። አዛውንቷ አልሳቁም፤ ጨዋ ናቸው። ማጉያ መነጽር ሰጡኝና ጠርዙን እንዳይ አደረጉኝ። ክሩ ዙሪያውን ጠጉር አውጥቷል። ማሽን ሌላ ጨርቅ ላይ ይጠልፈውና ጨርቁ በኬሚካል ይሟሟል፤ ጥልፉ ብቻ ይቀራል። የዳንቴል መልክ ይኖረዋል፣ ግን ዳንቴል አይደለም። በመርፌ የተሠራው ላይ እያንዳንዷ ቋጠሮ ትታያለች፣ ሁለት እኩል ቋጠሮ አይገኝም። «እኩል ከሆነ ተጠራጠሪ» አሉኝ። እቴቴ ትናንት ማታ ዝም ያለችው ለዚህ ነበር።

ዓርብ፤ ቦሎኛ፣ ዝናብ

ቦሎኛ የቆየነው ለምሳ ያህል ነው። ከተማዋ ባለ በረንዳ መንገድ ስለሆነች ዝናቡ አልነካንም። እዚህ በ1898 አርክቴክቱ አልፎንሶ ሩቢያኒና ጓደኞቹ ኤሚሊያ አርስ የሚባል የእጅ ጥበብ ማኅበር መሥርተው ነበር። ከማኅበሩ ሥራ ሁሉ ዛሬ ሰው የሚያስታውሰው የመርፌ ዳንቴሉን ነው። ንድፉን ከ16ኛው ክፍለ ዘመን የጥልፍ መጻሕፍት ነበር የሚወስዱት። ለማየት ጊዜ አልበቃንም፤ ይቆጨኛል።

ሌላው የዚህ አገር ነገር ካናፓ ነው። ካናፓ ማለት የዕፀ ፋርስ ዘመድ ነው፤ ግን ለመጨስ ሳይሆን ለመፈተል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ጣልያን በዚህ ተክል ምርት ከሩሲያ ቀጥላ ሁለተኛ ነበረች። ዋናው ማሳ ደግሞ በቦሎኛና በፌራራ ዙሪያ ነበር። ገመድ፣ የመርከብ ሸራ፣ አንሶላ፣ ሁሉ ከሱ ነው። «አያቶች ዕፀ ፋርስ ላይ ተኝተው ነው ያደጉት በይኛ» አለች እቴቴ። ባቡሩ ውስጥ ብቻዋን ስትስቅ ነበር።

ማታ አሬሶ ገባን።

ቅዳሜ፤ አሬሶ

የአሬሶ የአንቲካ ገበያ ከ1968 ጀምሮ በየወሩ የመጀመሪያው እሁድና ከሱ በፊት ባለው ቅዳሜ ይቆማል። ያስጀመረው ኢቫን ብሩስኪ የሚባል የከተማዋ ነጋዴና ሰብሳቢ ነው። ገበያው ያለበት አደባባይ፣ ፒያሳ ግራንዴ፣ ተዳፋት ነው። ጠረጴዛዎቹ እንዳይንሸራተቱ ከእግራቸው ሥር እንጨት ገብቶላቸዋል። ቁምሣጥን፣ መስታወት፣ መብራት፣ የቅዱሳን ሥዕል፣ ምን የሌለ አለ። አንዱ የፖስትካርድ ሣጥን ውስጥ ከወረራው ዘመን የአዲስ አበባ ፎቶዎች አየሁ። እቴቴ አላየችም መሰለኝ። ወይም አይታ አልፋለች።

የጨርቅ ነጋዴዎቹ ጥግ ላይ ናቸው። ክምር ክምር ነጭ ነገር። የጠረጴዛ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ የእጅ ፎጣ፣ የሕፃን ቀሚስ። እቴቴ እዚህ ሌላ ሰው ሆነች። እኔ ገና ፊቱን ሳየው እሷ ጀርባውን አይታ ጨርሳለች። ጣቷን ምራቋ ነክታ ጨርቁን ትጫነዋለች። ርጥበቱ ቶሎ ወዲያ ማዶ ካለፈ የተልባ እግር ነው ትላለች። ጥጥ ዝግ ይላል። (እኛ ተልባን ቆልተን ውኃ እንጠጣበታለን፤ እነሱ ግንዱን ፈትለው ይተኙበታል።) ደመቅ ያለ ጥልፍ ስታይ ደግሞ ነጋዴውን «በፊቱ ነው የተኮስከው?» ብላ ትቆጣለች። ጥልፍ ፎጣ ላይ ተደፍቶ፣ እርጥብ ሳለ፣ በጀርባው ነው የሚተኮሰው። አለበለዚያ ይጨፈለቃል። ሰውየው ይቅርታ ጠየቃት።

አንዲት መነጽራቸውን በሰንሰለት ያንጠለጠሉ ነጋዴ ዘንድ ቆምን። ፊታቸው ያሳምናል። እቴቴ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ሰማያዊውን ወረቀት ፈታች። ሴትዮዋ የራሳቸውን ዕቃ ገፋ አድርገው ቦታ ለቀቁላት።

መጀመሪያ ያዩት ጥልፉን አልነበረም። አንሶላውን ከላይ እስከ ታች ለሁለት የሚከፍለውን ስፌት ነው። «በእጅ የተሸመነ» አሉ። የቤት ሸማኔ ዕቃ ጠባብ ነው፤ የአልጋ ስፋት አይወጣውም። ስለዚህ ሁለት ስንጥቅ ተሸምኖ መሀሉ ላይ ይገጠማል። እቴቴና እኔ ተያየን። ጋቢም እኮ እንዲሁ ነው።

ቀጥለው ጨርቁን በጣታቸው አሹት። «ሊኖ አይደለም፣ ካናፓ ነው።» እቴቴ ተልባ ነው ስትል ነበር የኖረችው። ትንሽ ቅር አላት። ሴትዮዋም ገባቸውና፣ ካናፓ በታጠበ ቁጥር እየለሰለሰ የሚሄድ ጨርቅ ነው፣ ይህን ያህል ለመለስለስ ስንት ጊዜ ታጥቦ ይሆን አሉ። እቴቴ «እኔን ጠይቁኝ» አለች።

ጠርዙ ጂሊዩቾ ነው። አግድም ያለው ክር ተመዝዞ ይወጣል፤ የቀሩት ቋሚ ክሮች ትንንሽ ነዶ ሆነው በመርፌ ወገባቸውን ይታሰራሉ። ከርቀት ቀዳዳ ቀዳዳ መሰላል ይመስላል። ከሱ በታች ሁለት ፊደል አለ፤ ነጭ በነጭ፣ ወፍራም ሆኖ የተጠለፈ። ከፊደሎቹ ራቅ ብሎ፣ ጥጉ ላይ፣ በቀይ ክር መስቀል መስቀል እየተደረገ የተጻፈ ቁጥር አለ። አራት ይላል።

ነጋዴዋ እንዲህ አስረዱን። ይህ ኮሬዶ ነው፤ አንዲት ሙሽራ ወደ ባሏ ቤት ይዛው የምትሄደው የጨርቅ ጥሎሽ። ሲታሰብ በስድስት ወይም በደርዘን ነው። አንሶላ አሥራ ሁለት፣ የትራስ ልብስ አሥራ ሁለት፣ ፎጣ አሥራ ሁለት። ሀብታም ከሆነች ሃያ አራት። የሚበዛው ለጉራ ብቻ አይደለም። ትልቁ አጠባ በዓመት የተወሰነ ጊዜ ብቻ ስለነበረ ነው። ልብሱ ትልቅ የሸክላ ገንዳ ውስጥ ይደረደራል። ላዩ ላይ ጨርቅ ተነጥፎ የተነፋ አመድ ይፈስበታል፣ ከዚያ የፈላ ውኃ። ውኃው አመዱን አልፎ ልብሱ ውስጥ ይወርዳል፣ በሥር ይወጣል፣ እንደገና ተፈልቶ እንደገና ይፈስሳል። በአመድ ይነጣል ብትሉኝ አላምንም ነበር። ግን እኛስ በእንዶድ ስናጥብ ነው የኖርነው። ቁጥሩ ታዲያ ለዚህ ነው፤ የትኛው ታጠበ፣ የትኛው ተነጠፈ የሚለውን ለመያዝ። አንሶላዎቹ ተራ በተራ እኩል እንዲያረጁ።

«ማን ሠራው?» አለች እቴቴ። የመጣችበት ጥያቄ ነው።

ሴትዮዋ ትከሻቸውን ነቀነቁ። ሙሽራዋ ራሷ ልትሆን ትችላለች። እናቷም። አቅም ካላቸው ደግሞ ለገዳም ያዝዛሉ፤ መነኮሳቱና እዚያ የሚያድጉ ወላጅ አልባ ልጆች ይጠልፉታል። «ፊደሉ የምትተኛበት ሴት ነው፣ የጠለፈችው አይደለም» አሉ።

እቴቴ ቀዩን አራት በጣቷ እየነካች ቆየች። ከዚያ ለማናችንም ሳይሆን ለጨርቁ የምትነግረው በሚመስል ድምፅ፣ «አምስት ቁጥርን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ» አለች።

ምን አልሽ አልኳት። ቤቱ በገባች በመጀመሪያው ወር ነው። ስልክ ጮኸ፣ ካውያውን አስቀምጣ ሄደች። ስትመለስ ጨርቁ ላይ የካውያው ቅርጽ ቡናማ ሆኖ ታትሟል። ትባረራለች ብላ ሻንጣዋን አዘጋጀች። ሲኞራዋ አንሶላውን አየች፣ መቀስ አመጣች፣ ጤነኛውን ክፍል ቆርጣ የእጅ መጥረጊያ አደረገችው። «ሌላ አሥራ አንድ አለን» ብቻ አለቻት። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም። ለእናቴ እንኳ።

ነጋዴዋ 70 ዩሮ እንደሚሰጡ ነገሩን። እኔ እቴቴን አየኋት። እሷ ግን ማጠፍ ጀምራለች። «ባለፈው እጥፋት ላይ አታጥፊው» አሉ ሴትዮዋ ከኋላ፤ «ሁልጊዜ አንድ ቦታ ከታጠፈ እዚያው ይበጣጠሳል።»

እሁድ፤ ኢዞላ ማጆሬ

ከአሬሶ በባቡር ፓሲኛኖ፣ ከዚያ በጀልባ ትራሲሜኖ ሐይቅ መሀል ወዳለችው ደሴት። በቋሚነት የሚኖርባት ሰው በጣም ጥቂት ነው። አንድ መንገድ፣ ጥቂት ድመት፣ የዓሣ መረብ።

እዚህ ያለው ዳንቴል የአየርላንድ ነው። በ1904 ማርኬዛ ኤሌና ጉሊየልሚ የደሴቷ ዓሣ አጥማጆች ሚስቶችና ልጆች ገቢ እንዲያገኙ ብላ አስገባችው። ትንሽ ሙዚየምም አለው። ጽጌረዳው ለብቻ፣ ቅጠሉ ለብቻ ይሠራል፤ በኋላ በቀጭን መረብ ይያያዛል። መሣሪያው አንድ መንጠቆ ነው።

እቴቴ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን አንገትጌ አይታ ጮኸች። «ይሄማ ኪሮሽ ነው!»

ኪሮሽ ነው። እናቴ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ራዲዮኑ ላይ፣ የሶፋው ክንድ ላይ ያለበሰችው ኪሮሽ። ልጅ ሳለሁ ቤታችን ያልለበሰ ዕቃ አልነበረም። ከቡራኖ ጀምሮ ሁሉን ነገር ከሩቅ ስናደንቅ ቆይተን እዚህ ዘመድ ቤት የገባን መሰለን። እቴቴ ትምህርት ቤት በባልትና ክፍለ ጊዜ ነው የተማረችው። አንዲት ደጃፍ ላይ የምትሠራ ሴት መንጠቆዋን ሰጠቻት። እቴቴ አምስት ስድስት ሰንሰለት ሠራች። ክሩ ከቀጭንም ቀጭን ነው፣ ሁለቴ አመለጣት። በአማርኛ ተሳደበች። ሴትየዋ ሳይተረጎምላት ገባት።

ሰኞ፤ ፔሩጃና አሲሲ

አሲሲን በጨረፍታ ነው ያየናት። የአሲሲ ጥልፍ ሁሉም ቦታ ተሰቅሏል። ነገሩ ግልባጭ ነው፤ ወፉ ወይም አንበሳው ባዶ ይተዋል፣ ዙሪያው ነው በሰማያዊ ወይም በሸክላ ቀለም ክር የሚሞላው። በ1902 ድሃ ሴቶችን ለመርዳት በቅዱስ ፍራንቼስኮ ስም በተከፈተ የእጅ ሥራ ቤት ነው እንደገና ያንሠራራው። ቆንጆ ነው። እኔ ግን ፎጣ ላይ በሰፊው ሲሆን ዓይኔን ያደክመኛል።

ፔሩጃ ግን ልቤን ወሰደችው። ጁዲታ ብሮዜቲ የሚባለው የሽመና ቤት ከ1921 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን አሁን ያለው የሳን ፍራንቼስኮ ዴሌ ዶኔ የቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። መቅደስ በነበረበት ቦታ የእንጨት ሸማኔ ዕቃዎች ቆመዋል። እዚህ የሚሠሩት የድሮውን የፔሩጃ የጠረጴዛ ልብስ ነው። ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው፤ ነጭ መደብ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ሰማያዊ መስመር፣ መስመሩ ውስጥ ወፍ፣ ዘንዶ፣ ግንብ። ገበታም ላይ፣ መንበርም ላይ ይነጠፍ ነበር። በድሮ የጸሎተ ሐሙስ እራት ሥዕሎች ላይ ጠረጴዛውን የሸፈነው እሱ ነው።

እቴቴ ሸማኔዋን በጣልያንኛ ልታመሰግን ጀመረችና መሀል ላይ ቃል አጣች። «ጥለት ምን ይባላል?» አለችኝ። እኔ ምን አውቄ። በእጇ ጫፉን፣ መስመሩን፣ ነጩን መደብ አሳየች። የአገራችን ነጠላ እንዲህ ነው ለማለት ነው። ሸማኔዋ ፎቶ ካላችሁ አለች። የእቴቴ ስልክ ውስጥ ያለው ሁሉ የመስቀል ዕለት ፎቶ ነው። ሸማኔዋ አንዱን አጉልታ የጥለቱን ድር ቆጠረች።

ማክሰኞ፤ ሮም

ጠዋት ቡና ጠጥተን እቴቴ አንሶላውን አወጣች። በአዲስ መስመር ልናጥፈው ነው። እሷ ሁለት ጫፍ፣ እኔ ሁለት ጫፍ። አንሶላ ሲታጠፍ መጀመሪያ በሰያፍ ይጎተታል፤ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ። አልበቃንም። የእቴቴ ኮሪደር አጭር ነው። በሩን ከፈትንና እኔ ወደ ኋላ እየሄድኩ ደረጃው ላይ ወጣሁ።

«ሳቢ! አትፍሪው፣ አይቀደድም» ትለኛለች ከውስጥ።

ፎቅ ያሉት ጎረቤት ከገበያ ተመልሰው ዘንቢላቸውን እንደያዙ ደረጃው ሥር ቆመዋል። ማለፍ አልቻሉም። ይቅርታ ልል ስል በእጃቸው ቀጥሉ አሉኝ። ዘንቢሉን መሬት አስቀምጠው፣ መሀል ላይ የረገበውን ጨርቅ ከሥር ደገፉልን።